የተወለድኩት ለወንድሜ ነው ወይ?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ድራማ ነው። አዎ፣ ስለ ቴሌቪዥን ድራማ። «ኡስታዙን ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ።

ባለፈው ክረምት ነው። ላምበረት አካባቢ በማገለግልበት መስጂድ ዒሻእ ሰግደን ሰዉ ከተበተነ በኋላ ሙስሐፎቹን ወደ መደርደሪያቸው እየመለስኩ ሳለ አንድ ልጅ ቀረበኝ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ቁርኣን ሲቀራ ድምፁ ልብ ያረሰርሳል። ግን ያረፍዳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል። በዚህ የተነሳ በልጆች ፊት ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ። ያን ዕለት ዓይኔን ሳያይ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

«ኡስታዝ፣ ወንድሙ እንዲሞት የተመኘ ሰው ተውባ ቢያደርግ አላህ ይቀበለዋል?»

የተጣሉ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ታላቅ ወንድሙ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። አይራመድም። የሚናገረውን ከቤተሰቡ በቀር የሚረዳው የለም። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። አባት ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ወርዶ ዕቃ ይጭናል። እናት እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ወንድሙን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ ልብስ የሚቀይርለት፣ ሐኪም ቤት ሲኬድ አዝሎት ያንን ሁሉ ደረጃ የሚወርደው ይህ እኔ የምቆጣው ልጅ ነው። ታክሲ ሲጠብቁ ረዳቱ ዊልቸሩን ያይና «የሁለት ሰው ትከፍላለህ» ይላል። ብዙው ጭራሽ አይቆምም።

«እናቴ አላህ አንተን የሰጠኝ ለሱ ብሎ ነው ትለኛለች» አለኝ። «ፈተና የነበረኝ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ። ያኔ ነው ያሰብኩት። በአንድ የኮርያ ድራማ ላይም ልክ እንደኔ ያለ ልጅ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

እኔ ምን መለስኩለት? «ሰብር አድርግ፣ አጅሩ ብዙ ነው። ድራማውን ተወውና ቁርኣንህን ሐፍዝ።» በቃ። እሺ ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አላየሁትም።

ያልኩት ነገር ሐሰት አልነበረም። ሰብር እውነት ነው፤ አጅርም እውነት ነው። ነገር ግን ውሃ ለጠየቀ ሰው የምንጩን ታሪክ እንደማውራት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ድራማውን የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ አገኘሁት። ልጁ ምን አይቶ እንደዚያ እንደሆነ ለማወቅ ፈለግኩ።

ድራማው በ2012 (በፈረንጆች 2020) ቲቪኤን በተባለ የኮርያ ጣቢያና በኔትፍሊክስ የታየው «ኢትስ ኦኬይ ቱ ኖት ቢ ኦኬይ» ነው። «ደህና ባትሆንም ችግር የለውም» እንደማለት ነው። አሥራ ስድስት ክፍል አለው። ብዙዎቻችሁ እንዳያችሁት አውቃለሁ። ግልጽ ልሁን፦ ሂዱና እዩት እያልኩ አይደለም። መሐሉ ላይ ያለው የፍቅር ታሪክና ትዕይንቱ ለእኛ የሚሆን አይደለም። የኔ ጉዳይ ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው።

ታናሹ ጋንግ ቴ ይባላል፤ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ በረዳትነት ይሠራል። ታላቁ ሳንግ ቴ ኦቲዝም አለበት፤ ሥዕል ሲሥል ግን ድንቅ ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ተገድላለች። ሳንግ ቴ ግድያውን ስላየ ቢራቢሮ ያስፈራዋል። በዚህ ምክንያት በየዓመቱ ቢራቢሮ የሚወጣበት ወቅት ሲመጣ ወንድማማቾቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሌላ ከተማ ይገባሉ። ታናሹ ጓደኛ የለው፣ ቋሚ ሥራ የለው፣ የኔ የሚለው ሰፈር የለው። ሁልጊዜ ፈገግ ይላል፤ ፈገግታው ግን ፊቱ ላይ የተለጠፈ ነው።

የኛን ልጅ እንቅልፍ የነሳው ትዕይንት የልጅነታቸው ነው። ታናሹ ከቴኳንዶ ትምህርቱ አዲስ ቀበቶ አግኝቶ እየፈነደቀ ቤት ይገባል። ያን ቀን ታላቅ ወንድሙ በልጆች ተደብድቦ ኖሯል። እናትየው ቀበቶውን ዞር ብላም አላየችው። ወንድምህን ሳትጠብቅ የት ነበርክ ብላ ትመታዋለች፤ የወለደችውም ወንድሙን እንዲጠብቅላት መሆኑን ትነግረዋለች። ልጁ እያለቀሰ እኔ የራሴ ነኝ ይላታል፤ ወንድሙ ቢሞት እንደሚመርጥም ይጮሃል። ታላቁ ቆሞ ይሰማል። በሌላ ጊዜ ደግሞ ታላቁ በበረዶ የተጋገረ ወንዝ ላይ ሲሄድ በረዶው ተሰብሮ ውሃ ውስጥ ይገባል። ታናሹ ትቶት ይሮጣል። ጥቂት እንደሄደ ግን ተመልሶ ዘሎ ይገባና ያወጣዋል።

ወላሂ፣ እዚህ ላይ ስልኩን አስቀመጥኩት። መድረሳ ውስጥ የቆጣኋቸው ልጆች ፊት አንድ በአንድ መጣብኝ።

ይህ ድራማ ያደረገው አንድ ነገር አለ። ካሜራውን አዛዩ ላይ አዞረው። እኛ ታማሚውን ስናይ «መስኪን» እንላለን፣ ሰደቃ እንሰጣለን፣ ዱዓ እናደርጋለን። አዝሎት የመጣውን ልጅ ግን ዊልቸር እንደሚገፋ እጅ ብቻ ነው የምናየው። «ማሻአላህ፣ ጎበዝ ልጅ» ብለን እናልፋለን። ጎበዝ የተባለ ልጅ ደከመኝ ማለት አይችልም። ደከመኝ ካለ ጎበዝነቱ ይቀራላ!

እናቶችን እየወቀስኩ አይደለም። በድራማው ያለችውም፣ የኛ ሰፈሯም እናት ክፉ አይደሉም። ሁለቱም ሌሊት ሌሊት አንዲት ጥያቄ ታነቃቸዋለች፦ «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» ይህች ጥያቄ ከባድ ናት። ጎረቤት ካልመለሰላት፣ ዘመድ ካልመለሰላት፣ መስጂድ ካልመለሰላት አንድ ጤነኛ ልጇን ትመርጥና መልስ ታደርገዋለች። «አንተ አለህለት።» ብዙ ቤት ደግሞ «አንቺ አለሽለት» ነው የሚባለው፤ ከትምህርት የምትቀረው፣ ትዳሯን የምታዘገየው እህት ናትና። ጥፋቱ የእናት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የጀማዓው ሸክም ነው አንድ ልጅ ጀርባ ላይ ያረፈው።

ይህን ሳስብ የነቢዩላህ ሙሳ (ዐለይሂ ሰላም) ታሪክ መጣብኝ። ቁርኣንን ከድራማ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ ድራማው ያነሳብኝን ጥያቄ ይዤ ወደ ቁርኣን መሄዴ ነው። ሙሳ ወደ ፊርዐውን ሲላክ ምላሱ ላይ ቋጠሮ ነበር። አልደበቀውም። አላህ እንዲፈታለት ለመነ፤ ቀጥሎም ወንድሙን ሃሩንን ጠየቀ፤ በንግግር ከእኔ የተሻለ ነው ብሎ መሰከረለት። ሱረቱ ጣሃንና ሱረቱል ቀሶስን የቀራ ያውቀዋል። እዚህ ላይ ቆም በሉና አስተውሉ፦ ሙሳ ሃሩንን የጠየቀው አገልጋዬ ይሁን ብሎ ሳይሆን የጉዳዬ ተጋሪ ይሁን ብሎ ነው። አላህም ሃሩንን የሙሳ ምላስ ብቻ አድርጎ አልተወውም፤ ነቢይ አደረገው። የራሱ ማዕረግ፣ የራሱ ስም፣ የራሱ ኃላፊነት ነበረው።

ሌላም አለ። ሙሳ ከጡር ተመልሶ ሕዝቡ ጥጃ ሲያመልክ ባገኘ ጊዜ ሃሩንን ራሱንና ጺሙን ይዞ ጎተተው። ሃሩን የእናቴ ልጅ ሆይ ብሎ ለመነው፤ ያለበትን ጭንቅም አስረዳው። ሙሳም ለራሱና ለወንድሙ ምሕረት ለመነ። በነቢያት ወንድማማችነት ውስጥ ቁጣ ከገባ፣ ያላንቀላፋ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ልብ ውስጥ ቢገባ ምን ይደንቃል? ሃሩን ያለበትን ለመናገር ዕድል አገኘ። እኔ ግን ያን ልጅ ሳልሰማው ነው የሸኘሁት።

ስለዚህ ለጥያቄው የሚገባው መልስ ይኸውና። ነፍስ የምታንሾካሹከውን፣ እስካልተናገሩት ወይም እስካልሠሩበት ድረስ አላህ ለዚህ ኡማ ማለፉ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ የታወቀ ሐዲስ ነው። ለእርዳታ ብለህ ለሰው መንገርህም ወንጀል አይደለም። ያ ሐሳብ የመጣብህ ወንድምህን ስለጠላኸው ሳይሆን ስለደከመህ ነው። ጠልተኸው ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ባላጠብከው ነበር። በበረዶው ላይ የሮጠውን ልጅ አስታውስ፦ የሮጠው ጥቂት እርምጃ ነው፤ ከዚያ ተመልሶ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞታል። አንተም የተመለስከው አንተ ነህ።

ሌላ አንድ ድራማ ልጨምር፤ ይኼኛው አስቂኝ ነው። «ስፒችለስ» ይባላል፤ ከ2016 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤቢሲ ጣቢያ ታይቷል። ጄጄ የሚባለው ወጣት ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ አይናገርም። ራሱ ላይ በታሰረ የብርሃን ጨረር ሰሌዳ ላይ የተጻፉ ፊደላትና ቃላትን ይጠቁማል፤ ሌላ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለታል። ታናሽ ወንድሙ ሬይ ደግሞ ለጄጄ የሚሆን ትምህርት ቤት ፍለጋ ቤተሰቡ በተዛወረ ቁጥር አብሮ ሲንከራተት የኖረ ነው፤ አንድ ቦታ መቆየት፣ ጓደኛ ማፍራት ይፈልጋል። የድራማው ፈጣሪ ስኮት ሲልቬሪ ራሱ ሴሬብራል ፓልሲ ካለበት ወንድም ጋር ያደገ ሰው ነው። ሬይን የጻፈው ከውስጥ ሆኖ ነው ማለት ነው። ጄጄን ሆኖ የሚሠራው ማይካ ፋውለርም ራሱ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። በመጀመሪያው ክፍል ጄጄ አዲሱ ትምህርት ቤት ሲደርስ ለዊልቸር የተዘጋጀው መውጫ ቆሻሻ የሚወጣበት ሆኖ ይገኛል። እናቱ ልጄ ቆሻሻ አይደለም ብላ ትሟገታለች።

ያን ሳይ ሳቅኩ። ወዲያው ግን አፈርኩ። የኛ መስጂድ እኮ ጭራሽ መውጫ የለውም። በር ላይ አራት ደረጃ አለ፤ ከደረጃው በኋላ የጫማ መደርደሪያ፤ ከመደርደሪያው በኋላ ሌላ ደረጃ። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ያዛል። አዋጁን ተዉት። ዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱም ዓይነ ስውር ነበር። የመልእክተኛው (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ሙአዚን ነበር፤ እርሳቸው ከመዲና ሲወጡም በቦታቸው ይተኩት ነበር። ወደ መስጂድ የሚመራኝ የለኝም ብሎ ቤቱ መስገድ እንዲፈቀድለት በጠየቀ ጊዜ አዛን ትሰማለህ ወይ ተብሎ ተጠየቀ፤ አዎ ሲል ናና ስገድ ተባለ። ይህን ሐዲስ ለሰነፍ ሰጋጅ ስናነብ ኖረናል። ለራሳችን ግን ይህን አልጠየቅንም፦ ያ ሰው ዛሬ ቢመጣ በእኛ በር ይገባል?

በኛ አገር ቴሌቪዥን አካል ጉዳተኛ ሲመጣ በአብዛኛው ወይ ለማኝ ነው፣ ወይ መሳቂያ፣ ወይ ደግሞ በመጨረሻው ክፍል በተአምር የሚድን ሰው ነው። ሳይድን ቁርሱን የሚበላ፣ ከወንድሙ ጋር የሚኳረፍ፣ የሚቀልድ ሰው ሆኖ ሲመጣ ብዙም አናይም። ቴሌቪዥኑ የቤታችንን ነው የሚመስለው፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ ያለበት ቤት ስንት ነው! እኛ መስጂድ የምናገለግል ሰዎችም ድርሻ አለብን። ወላጅ ልጁን ይዞ ሲመጣ ሩቅያ እናደርግና «ጂን ነው» ብለን እንሸኛለን። ሩቅያ ሱና ነው፤ ይደረግ። ሐኪምን የሚከለክል ሩቅያ ግን የለም፤ ወላጆችን «ምን በድለን ነው?» እያሉ ዕድሜ ልካቸውን እንዲጠይቁ ማድረግም ዲን አይደለም። ይህን ዝምታ የሰበሩ ሰዎች በመሐላችን ነበሩ። አሁን በሕይወት የሌለችው ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጇን መደበቅ እምቢ ብላ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋመች። አንዲት እናት ለልጇ የፈለገችው ነገር ለስንት ቤት በር ከፈተ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ቤታቸው ሄድኩ። «ይቅርታ፣ ያን ዕለት አልሰማሁህም» አልኩት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወንድሙን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። የዐስር አዛን ሲያሰማ ፊቱ በርቶ እጁን እያወናጨፈ ጮኸ። «መስጂድ ውሰዱኝ እያለ ነው» አለ ታናሹ። «ሁልጊዜ ይላል።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አዛን ሰምቶ የማያውቀውን መስጂድ!

ለጁሙዓ አራት ወጣቶች ሆነን አወረድነው። ኹጥባ መሐል ድምፅ አሰማ። ሰዉ ዞሮ አየ። ከፊት ያሉ አንድ አባት «አስወጡት፣ ሶላት ያበላሻል» አሉ። ታናሹ ፊቱ ቀላ፤ ሊያነሳው ጎንበስ አለ። ሸይኻችን ኹጥባቸውን ገታ አድርገው፣ ድምፁ በእጁ ያልሆነ ሰው አይወቀስም፣ ይቀመጥ አሉ። ተቀመጠ። ሁሉም ደስ አለው ብላችሁ ግን ውሸት ይሆንብኛል። እስከ ዛሬ የሚያጉረመርሙ አሉ። ለደረጃው መወጣጫ ይሠራ ስንል ኮሚቴው «ይታያል» ብሎናል። እስኪታይ ድረስ እነዚያ አራት ልጆች በተራ ይሸከማሉ። አንዱ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ሄዶ ከታላቁ ጋር ይውላል። ያን ጊዜ ታናሹ ኳስ ይጫወታል፤ ወይ ይተኛል። ሦስት ሰዓት ናት። ለሱ ግን «የራሴ» የሚላት የመጀመሪያዋ ጊዜ ናት።

ስለ ኮርያው ድራማ ሁለት ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ሳንግ ቴን ሆኖ የሠራው ኦ ጆንግ ሴ የሚባል ተዋናይ ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በዚሁ ሥራው በኮርያ ትልቅ በሆነው የቤክሳንግ ሽልማት ተሸልሟል። ድራማው ይታይ በነበረበት ሰሞን የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት አንድ ቼሎ ተጫዋች ወጣት ገጸ ባሕርዩን ወዶት ነበርና፣ ተዋናዩ ያንኑ ገጸ ባሕርይ ሆኖ መዝናኛ ቦታ አብሮት ዋለ። ይህን ለዓለም ያወራችው ማን መሰላችሁ? የወጣቱ እህት ናት። አንድ ሰው አንድ ቀን ወንድሟን እንደ ሰው ስላጫወተላት ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

ሁለተኛው መጨረሻው ነው። ታናሹ ዕድሜውን ሙሉ እናቱ የምትወደው ወንድሙን ብቻ ይመስለው ነበር። ዝናብ ሲዘንብ እናታቸው የምትወስዳቸው የሾርባ ቤት ለወንድሙ ብላ ይመስለው ነበር። ምንም አያስታውስም የተባለው ሳንግ ቴ ግን ያስታውስ ኖሯል፦ እዚያ የሚሄዱት ታናሹ ያንን ምግብ ስለሚወድ መሆኑን ነገረው። በመጨረሻም ሳንግ ቴ የልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ ይሆናል። አብረው ጉዞ ላይ ሳሉ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ ይልና ታናሹን ነፃ ያወጣዋል፤ አንተ የራስህ ነህ ብሎ ያሰናብተዋል። ልጁ በሕፃንነቱ እያለቀሰ የጮኸውን ቃል የመለሰለት ሸክም ነው የተባለው ወንድሙ ነው።

ቅዳሜ ዕለት የኛው ልጅ ከኳስ ሲመለስ ወንድሙ በር በሩን እያየ ነበር አሉ። ሲገባ በዚያ ማንም በማይረዳው ንግግሩ አንድ ነገር አለው። «ምን አለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ስንት አገባችሁ? ነው ያለኝ» አለኝ፣ እየሳቀ።

ወንድምና እህቶቼ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ የሚያዝል ልጅ አለ። ክፍላችሁ ውስጥ ሁልጊዜ የምታረፍድ ልጅ አለች። በዚህ ሳምንት ስለ ታማሚው ሳይሆን ስለ ራሳቸው ጠይቋቸው፤ «አንተስ እንዴት ነህ? አንቺስ?» በሉ። ደህና ነኝ ካሏችሁ አትመኗቸው፤ ቆዩ። ከዚያ አንድ ከሰዓት ስጧቸው።

አላህ ሸክማችንን የምንካፈል ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።